አሥራ አንድ ገጽ ፀሐይ

እስቲ ንገሩኝ፤ ፀሐይ አሥራ አንድ ገጽ ሙሉ ስትወጣ አንብባችሁ ታውቃላችሁ?

አታውቁም። ደራሲው ስላዘነላችሁ አይደለም። እናቴ ቅርጫት ውስጥ ስለጣለቻት ነው።

የዘበኛውን መጽሐፍ ሁላችሁም በትምህርት ቤት ተምራችሁታል፤ ርእሱን መጥራት አያስፈልገኝም። ሽማግሌው ዘበኛ በሩን ይከፍታል፣ መንገዱን ያያል፣ «ዛሬም አልመጣም» ብሎ ይዘጋዋል። የሚጠብቀው ተጣልቶት ከቤት የወጣውን ልጁን ነው። መምህራን ይህን አጀማመር ሰሌዳ ላይ እየጻፉ «ልቦለድ እንዲህ ይጀመራል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ እንዲህ ይጀመራል። ከዚያች በር በፊት ግን አሥራ አንድ ገጽ ፀሐይ ነበረች። ከተራራው ኋላ ታፍራለች፣ ትሽኮረመማለች፣ የወርቅ ቀሚሷን ትጎትታለች፣ ደመና አቅፋ ታለቅሳለች። አትወጣም እንጂ የማታደርገው ነገር የለም።

ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሁሉንም ደግሞ በግልባጩ ተረድቻለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ እንዳየሁት ልንገራችሁ።

እናቴ ማተሚያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበረች። ከትምህርት ቤት ስወጣ የምሄደው ወደ እሷ ክፍል ነው። ከግድግዳው ማዶ ትልቁ የማተሚያ ማሽን ነበረ፤ እሱ ሲነሣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ የእናቴም የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ቀስ እያለ ይጓዛል። ጫፍ ደርሶ ሊወድቅ ሲል መያዝ ጨዋታዬ ነበር። በመስኮቱ በኩል፣ ብርሃኑ ስለሚሻል፣ ጠራዧ ትቀመጣለች። የታተመውን ወረቀት እያጠፈች በረጅም መርፌና ሰም በተቀባ ክር የምትሰፋ፣ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። ሰው ሁሉ እትዬ መርፌ ይላታል። በሕይወቷ ስንት ሺህ መጽሐፍ እንደሰፋች እንጃ፤ አንዱንም አላነበበችም። ፊደል አልቆጠረችም።

እናቴ የእጅ ጽሑፍ ሲመጣላት ወዲያው በጽሕፈት መኪናዋ መምታት አትጀምርም። መጀመሪያ ገጹን ጮክ ብላ ታነባለች። ስታነብ ዓይኗ አንዴ ወረቀቱ ላይ፣ አንዴ የእትዬ መርፌ እጅ ላይ ነው። መርፌው ይገባል፣ ይወጣል፣ ክሩ ሽው ይላል። አንዳንዴ መርፌው አየር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይሄኔ እናቴ በእርሳስ ጠርዙ ላይ ትንሽ ነጥብ ታደርጋለች።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነበር፤ እትዬ መርፌ ሰነፍ ናት፣ እናቴም ሥራ የፈታችበትን ሰዓት እየመዘገበች ነው፣ አንድ ቀን ለአለቃው ታሳብቅባታለች። እትዬ መርፌ ከረሜላ ስትሰጠኝ ግማሹን እመልስላት ነበር።

ደራሲው የመጣ ቀን ሙቀቱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንጫጫው ነበር፤ እሱ ግን ካፖርት ለብሷል። ሠራተኞቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ካፖርቱ» አሉት። አንድ ሻንጣ ሙሉ ወረቀት እናቴ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈ።

«እህቴ፣ ይህ የአምስት ዓመት ደሜ ነው። አንድ ፊደል እንዳይጎድል።»

«እሺ፣ ጋሼ» አለች እናቴ።

«አንዲት ነጥብ እንዳትዛነፍ!»

«እሺ።»

እንደወጣ ማሽኒስቱ አንገቱን በበሩ አሰገገ። የማሽኑ ጩኸት ጆሮውን ስለበላው ሲያንሾካሹክም ይጮሃል። «ደሙ ነው አለ? ታዲያ ሐኪም ቤት አይወስደውም ነበር?» ብሎ አንሾካሾከ። ካፖርቱ ደረጃው ላይ ቆም ብሎ ዞር ሲል ሁላችንም አቀረቀርን።

እናቴ የመጀመሪያውን ገጽ አነበበች። ፀሐይ። መርፌው ገባ፣ ወጣ። ሁለተኛው ገጽ፣ ፀሐይ። አራተኛው ላይ እትዬ መርፌ እየሰፋች አዛጋች።

«ሰውዬው ማነው?»

«የቱ ሰውዬ?»

«የታሪኩ ነዋ። ሰው የለበትም እንዴ?»

እናቴ ገለጠች፣ ገለጠች፣ ገለጠች። «አለ። አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ በር ይከፍታል።»

«ውይ! ታዲያ እስከዚያ ደጅ ማስጠናቱ ነው?»

እናቴ ከአሥራ ሁለተኛው ገጽ ጀመረች። ሽማግሌው በሩን ከፈተ፣ መንገዱን አየ፣ «ዛሬም አልመጣም» አለ። መርፌው አየር ላይ ቀረ።

«ማነው ያልመጣው?» አለች እትዬ መርፌ።

እናቴ አሥራ አንዱን ገጽ በሁለት እጇ አንሥታ ጠርዙን አስተካከለችና በክብር ቅርጫቱ ውስጥ አኖረችው።

እኔ ደነገጥኩ። የደነገጥኩበት ምክንያት ነበረኝ። በዚያው ሳምንት ከመጽሐፍ ገልብጡ ተብለን አራት መስመር ዘልዬ፣ አስተማሪዬ «መዝለል መስረቅ ነው» ብለው አሥር ጊዜ አስገልብጠውኛል። ጣቴ ገና እንዳበጠ ነበር።

«እማዬ፣ ይሄን አትጽፊውም?»

«ጽፌዋለሁ።»

«የት?»

«በሩ ሲከፈት ብርሃን ገባ፤ አለቀ» አለች፤ መኪናዋን መምታት ጀመረች።

ዋሸች። በገዛ ጆሮዬ ሰማኋት። ከዚያ ቀን በኋላ እንደ ሰላይ ተከታተልኳት፤ ወንጀሉም በየቀኑ ይበዛ ጀመር። ካፖርቱ «ዘበኛው እጅግ በጣም ተቆጣ፤ ቁጣው እንደ እሳተ ገሞራ ገንፍሎ ሰማዩን አንቀጠቀጠ» ብሎ የጻፈው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እትዬ፣ አባትሽ ሲቆጣ ምን ያደርግ ነበር?»

«የኔ አባት? ቢላዋ ያወጣ ነበር።»

«ወይኔ!»

«ኧረ ጥፍሩን ሊቆርጥበት ነው። ዝም ብሎ ጥፍሩን ይቆርጣል። እኛ ግን አልጋ ሥር ነን።»

እናቴም ዘበኛው ጥፍሩን ሲቆርጥ አድርጋ መታችው። ዛሬ ያን ቦታ የማያውቅ አንባቢ የለም። ለኔ ግን በስርቆት ላይ ሌላ ጥፋት ተጨመረ፤ የሰው አባት አምጥታ የሰው መጽሐፍ ውስጥ ከተተች። ማታ ስጸልይ ለእናቴ ምሕረት እለምን ጀመር።

አሁን ስለ ጫማው ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባችሁምና።

አባቴ ለሥራ ሩቅ አገር ሲሄድ አምስት ዓመቴ ነበር። ጥቁሩን የክት ጫማ «ስመለስ አደርገዋለሁ» ብሎ ትቶት ሄደ። ሁለት ዓመት ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ቆመ። እናቴ በየሳምንቱ እሑድ ጠዋት ያን ጫማ በጨርቅ ትወለውለዋለች፤ ቀለም ትቀባዋለች፤ ከዚያ ከበሩ ሥር፣ አፍንጫውን ወደ ቤት አዙራ ታስቀምጠዋለች።

«ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት አንድ ቀን።

ብሩሹን ያዝ አድርጋ ትንሽ አሰበች። «ለሌባ ነው። ሌባ በቀዳዳ ሲያይ ወንድ አለ ብሎ እንዲመለስ።»

«ወደ ውስጥ የሚዞረውስ?»

«ወደ ውጭ ከዞረ ሊወጣ ነው ይላላ። ወደ ውስጥ ከዞረ ገብቷል ማለት ነው።»

ከዚህ በላይ ብልሃት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። ከመካከላቸው አንዷ የወንድሟን ጫማ በራቸው ላይ አዙራ ስታስቀምጥ ወንድሟን አደናቅፎት ወድቆ ጥርሱ ተሸርፏል።

እናቴ ሥራውን ልትጨርስ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ካፖርቱ የደረሰበትን ሊያይ መጣ። እሷ የካርቦን ወረቀት ልታመጣ ወደ መጋዘን ወርዳለች። እኔ ከቅርጫት የሰበሰብኩት አሥራ አንድ ገጽ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አወጣሁና ሰጠሁት።

«ጋሼ፣ እናቴ እየሰረቀችዎት ነው» አልኩት። «ግን አይቆጧት። ጣቷን ስለሚያማት ይሆናል።»

ወረቀቱን አየ። ጠረጴዛው ላይ የተመታውን ገለጠ። ወረቀቱን ይዞ ወጣ። እኔም እናቴን ከኃጢአት ያዳንኳት መስሎኝ ብርጭቆዋን ወደ ጠረጴዛው መካከል መለስኩላት።

በማግስቱ በሩን ሳያንኳኳ ገባ። አሥራ አንዱን ገጽ እንደ ዱላ ጠቅልሎ ይዞታል።

«ሴትዮ! ማን ፈቀደልሽ?»

የእናቴ ጣቶች ቆሙ። ጥቅሉን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። የዚያን አስተያየት ክብደት የተሸከምኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

«ምኑን፣ ጋሼ?»

«ጽሑፌን! አራት መቶ አሥር ገጽ ሰጠሁሽ። ስንት አደረግሽው?»

«ሁለት መቶ ስድሳ።»

«የቀረውስ የት ሄደ?»

«የቀረው መጀመሪያም አልነበረም።»

ካፖርቱ ውስጥ ሰውየው ሲያብጥ ታየኝ። «አሁን አለቃሽ ዘንድ እገባለሁ! ዛሬውኑ ከዚህ ክፍል ትወጫለሽ! እኔ ደራሲ ነኝ፣ አንቺ ጣት ነሽ! ጣት!»

እናቴ ተነሣች። አጭር ሴት ናት፤ የካፖርቱ ሦስተኛ ቁልፍ ድረስ ነው የምትደርሰው። እንጀራዋ፣ የኔ ትምህርት፣ የምንተኛበት ቤት፣ ሁሉም በዚያች ደቂቃ የሰውየው አፍ ላይ ነበር።

«ይግቡ» አለች። «ከመግባትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ቁጭ ይበሉ።»

«አልቀመጥም!»

«እንግዲያው ቆመው ያንብቡልን።»

ደራሲ «አንብብልን» ሲባል እንቢ ያለበትን ቀን እስከ ዛሬ አላየሁም። እኔም እንቢ ብዬ አላውቅም። ማሽኒስቱ ጠቡን ሊሰማ ማሽኑን አጥፍቶ መጣ፤ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ በሩን ተደገፈ። ብርጭቆው መጓዙን አቆመ። እኔ ይህ ፍርድ ቤት እንደሆነ፣ ተከሳሿ እናቴ፣ ምስክሯ እኔ እንደሆንኩ ገብቶኛል። ዳኛው ማን እንደሆነ ብቻ አልገባኝም። ሁሉም ለምን እትዬ መርፌን እንደሚያይ አላወቅኩም።

ካፖርቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «የንጋቷ ንግሥት፣ የብርሃን እናት፣ ያቺ ወርቃማ ሙሽራ፣ ከሐምራዊው ተራራ ትከሻ ባሻገር...» ድምፁ ያምራል፤ አልዋሽም። መርፌው ገባ፣ ወጣ። ሁለተኛው ገጽ። ገባ፣ ወጣ። ሦስተኛው።

«ወጣች?» አለ ማሽኒስቱ፤ ማንሾካሾኩ ነው።

«ገና ነው» አለች እትዬ መርፌ።

«እኔ ሥራ አለብኝ። ስትወጣ ጥሩኝ።»

የካፖርቱ ጆሮ ቀላ። አራተኛውን ገጽ ጀመረና ራሱ መካከሉ ላይ ቆመ። ያለ ማንም ጎትጓች ቆመ። እናቴ የተመታውን ዘረጋችለት። «አሁን ደግሞ ይሄን።»

«ሽማግሌው ዘበኛ በሩን ከፈተ። መንገዱን አየ። 'ዛሬም አልመጣም' ብሎ...»

መርፌው ቆመ።

ካፖርቱ መርፌውን አየ። ከዚያ በኋላ የሚያነበው ለመርፌው ነበር። ጥፍር መቁረጡ ላይ ሲደርስ እትዬ መርፌ «አባቴ!» ብላ አፏን ያዘች። ሊሄድ የነበረው ማሽኒስት ወረቀት መደራረቢያው ላይ ተቀመጠ። አሥር ገጽ፣ አሥራ አምስት ገጽ፤ ክሩ አንዴም ሽው አላለም።

«መጨረሻውን ያንብቡ» አለች እናቴ። «መጀመሪያ የራስዎን።»

የሱ መጨረሻ ላይ ልጁ ይመጣል፤ ሽማግሌው ደረቱ ላይ ወድቆ ይሞታል፤ ከዚያ ሁለት ገጽ ሙሉ «ወጣቶች ሆይ፣ ወላጆቻችሁን አክብሩ» የሚል ምክር አለ። ያንን አነበበ። መርፌው እየሮጠ ሰፋ። እትዬ መርፌ «ይገባል፣ ይገባል፣ ማክበርስ ተገቢ ነው» እያለች አንድ ሙሉ ጥራዝ ጨረሰች።

ከዚያ የእናቴን አነበበ። ልጁ አይመጣም። ሽማግሌው አይሞትም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ሽማግሌው የልጁን ጫማ ወለወለና አፍንጫውን ወደ ቤት አዙሮ ከበሩ ሥር አስቀመጠው።»

መጽሐፉ አለቀ።

እትዬ መርፌ መርፌውን ጭኗ ላይ ጥላው ነበር፤ ጥላው እንደነበር እንኳ አታውቅም። ማሽኒስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ዝቅ ባለ ድምፅ «ገባኝ» አለ። ቀጥሎ የተናገርኩት እኔ ነኝ፦

«እሱማ የኛ ጫማ ነው! የአባባ ጫማ! ለሌባ ነው የምናዞረው!»

እናቴ «ዝም በይ» አለችኝ፤ ፊቷን ግን ወደ መስኮቱ መልሳ ነበር። ካፖርቱ እኔን አየኝ። እናቴን አየ። ከዚያ እንደገና እኔን። ሰምቷል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በግልጽ ሰምቷል።

የጠቀለለውን አሥራ አንድ ገጽ፣ ከራሱ መጨረሻና ከሁለቱ የምክር ገጾች ጋር፣ ቅርጫቱ ውስጥ ጣለ። የእናቴን ወረቀት ሻንጣው ውስጥ አስገባ። ራሴን ዳበሰኝ። «ይህ ነገር ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለሁላችንም ይሻላል።»

«አይዞዎት፣ ጋሼ» አለች እትዬ መርፌ፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ለምን እንደምትስቅ አልገባኝም። እኔ ላለቅስ ደርሼ ነበር። እናቴ ሰርቃ ተያዘች፤ ይህ ታላቅ ሰው ግን ይቅር አላት፤ ይቅር ማለት ብቻ አይደለም፣ ነውሯን ደበቀላት! ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ባየሁት ቁጥር ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ። ወገቤ ዛሬም ሲያመኝ የዚያ ይመስለኛል።

ግራ ያጋባኝ እናቴ ነበረች። ወደ ቤት ስንሄድ እጄን ይዛ ትሮጥ ነበር ማለት ይቀላል። ታንጎራጉራለች። ኩሬ ሲያጋጥማት ትዘላለች። ትኩስ ዳቦ ገዝታ መንገድ ላይ ቆርሳ አጎረሰችኝ፤ ደንቧ አልነበረም። እንደሷ ደስ ያለው ሌባ አይቼ አላውቅም።

«እማዬ፣ አልተቆጣሽኝም?»

«ባትነግሪውማ ኖሮ መቼ ያነበው ነበር?» አለችኝ፤ አፏ ዳቦ ሞልቶ። «መርፌው ሲቆም አየሽ? አየሽ?»

አላየሁም ነበር። ማየት የጀመርኩት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው።

መጽሐፉ ወጥቶ፣ ተወድሶ፣ ትምህርት ቤት ገባ። ፈተና ላይ «ሽማግሌው የጫማውን አፍንጫ ወደ ቤት ያዞረው ለምንድን ነው? አብራሩ» የሚል ጥያቄ መጣ። ከክፍሉ ሁሉ መልሱን ከገዛ ቤቷ የምታውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በኩራት «ሌባ እንዳይገባ» ብዬ ጻፍኩ። ዜሮ። መምህሩ ለክፍሉ አነበቡልኝ፤ ሳቁ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። ከዚያ ትክክለኛውን መልስ ሰሌዳው ላይ ጻፉ፦ «ተስፋ ስላልቆረጠ። ልጁ የገባ ያህል እንዲሰማው።»

እርሳሴን አስቀመጥኩ። ያን ቀን ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ አልተማርኩም። ቤት ሮጬ በሩን ስከፍት ጫማው እዚያው ነበር፣ አፍንጫው ወደ ቤት። አብረቅራቂ ነበር። አባቴ ሩቅ አገር ሞቶ እንደነበር፣ እናቴም ወሬውን ከሰማች ዓመታት እንዳለፉ፣ ያን ቀን ነው የነገረችኝ። የዘበኛውን መጽሐፍ በመታችበት ወቅት ታውቅ ነበር። ታውቅ ነበር፣ ትወለውልም ነበር።

«ለመሆኑ ሌባ መጥቶ ያውቃል?» አልኳት።

«አንድ ጊዜ መጥቷል» አለች። ወደ ጫማው አየች፤ ከዚያ መደርደሪያው ላይ ወዳለው መጽሐፍ። ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልበረደ ቁጣ አለብኝ፤ አንዳንዶች ጠባዬ ነው ይላሉ። ጠባዬ አይደለም፣ ምክንያት አለኝ።

የሽንፈት ታሪክ የማወራ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ደራሲ የሚባል ፍጥረት ወሬ ያሸታል። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ፦ «ያቺ ታይፒስት የታለች?» እያሉ። እናቴ ሁሉንም እትዬ መርፌ ፊት አስቁማ አስነበበቻቸው። ያኮረፉ አሉ። ያለቀሱ አሉ። አንዱ መርፌውን ሰርቆ ሄዷል፤ ክፋቱ ያለው መርፌው ላይ መስሎት። አለቃው በመጨረሻ የበሩን ጽሑፍ አስቀይሮ «አርታኢ» የሚል ለጠፈላት፤ ጀርባ ያለው ወንበርም ሰጣት። ከዚያች ክፍል ስምንት ደራሲ ወጥቷል። ዘጠነኛዋ እኔ ነኝ። አንዱንም መጽሐፌን እጁ ሥራ ለያዘ ሰው ሳላነብ አሳትሜ አላውቅም፤ ለልብስ ሰፊ፣ ለጫማ ሠሪ፣ ሽንኩርት ለምትልጥ ጎረቤቴ። ሽንኩርቱ ግን አያስተማምንም፤ ሁሌም ያስለቅሳል።

ታዲያ አሁን ምን አስነሣኝ? ይህ አስነሣኝ፦ ባለፈው ቅዳሜ ካፖርቱ፣ ዛሬ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ የሆነው አንጋፋው ደራሲ፣ ለጀማሪ ጸሐፊዎች የምክር መጽሐፍ አስመረቀ። ገዝቼ አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብዬ ገለጥኩት። «የጻፋችሁትን እጁ በሥራ ለተያዘ ሰው አንብቡ፤ እጁ ካልቆመ ሰርዙ» ይላል። እትዬ መርፌ! «ፀሐይን ተዉአት፣ በሩን ክፈቱ» ይላል። «'ተቆጣ' አትበሉ፤ ሲቆጣ እጁ ምን እንደሚሠራ ንገሩን» ይላል። ገጽ በገጽ የእናቴ ድምፅ ነው፤ ከፊት ለፊት የሱ ፎቶግራፍ፣ ካፖርቱን ለብሶ።

አንዲት ወጣት ተነሥታ ጠየቀችው፦ «ጋሼ፣ ያ የጫማው ዓረፍተ ነገር እንዴት መጣልዎት?»

ዓይኑን ጨፈነ። «በዝናብ እየሄድኩ ነበር» አለ። «ከሰማይ ወረደልኝ።»

ተነሣሁ። እጄን አወጣሁ። ድምፅ ማጉያውን የያዘው ወጣት ወደኔ መጣና፣ ፊቴን አየት አድርጎ «ሰዓት አልቋል» ብሎ ተመለሰ። ጭብጨባ። ፊርማ። ፎቶ።

ለእናቴ ነገርኳት። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጆሮዋ ከኔ ይሻላል። «ምክሩን ይውሰደው» አለች። «ምክር የሚወሰድ ነገር ነው፤ ለዚያ ነው የተፈጠረው። መጽሐፉም የሱ ነው፤ ዘበኛውን የወለደው እሱ ነው፣ እኔ አጠብኩት እንጂ አልወለድኩትም። ጫማውን ግን ይመልስልኝ።»

ከዚህ ላይ አንድ ቃል አልጨምርም፣ አልቀንስም።

ማስረጃ ለምትሉ፦ ያን ቀን ቅርጫት ውስጥ የተጣሉትን ገጾች ይዣቸው ወደ ቤት ሄጄ ነበር። ጀርባቸው ባዶ ስለነበር የሒሳብ የቤት ሥራዬን ሠራሁባቸው። አሁን ፊቴ ተዘርግተዋል። በአንድ በኩል በራሱ እጅ ጽሑፍ ወርቃማዋ ሙሽራ ትሽኮረመማለች፤ በጀርባዋ የሰባት ማባዣ፣ የአስተማሪዬ ቀይ ምልክት፣ ከሥሩም ቀኑ፤ መጽሐፉ ከመታተሙ አንድ ዓመት ቀድሞ። «ወጣቶች ሆይ» ከሚለው ጀርባ ደግሞ ሁለት ስህተት አለብኝ። ልጁ መጥቶ ሽማግሌው የሚሞትበት መጨረሻ እነሆ በራሱ እጅ ተጽፎ አለ፤ ዝናቡ ያን ዕለት የት ነበር?

ስለዚህ ጋሼ፣ እርስዎን ነው። ቅዳሜ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሰዓት እንገናኝ። እናቴ ከፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ከጎኗ የሚሰፋ ጥራዝ ይኖራል፤ መርፌውን የምትይዘው የእትዬ መርፌ ልጅ ናት። ጫማውን እኔ አመጣዋለሁ፤ ተወልውሎ መድረኩ ላይ ይቀመጣል፣ አፍንጫው ወደ እርስዎ። ካፖርትዎን ያውልቁ፤ አዳራሹ ይሞቃል። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለው ያንብቡልን። ከዚያ ያቺ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በጆሮዎ የነገረችዎትን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በድምፅ ማጉያው ይመልሱልኝ፦

የማን ጫማ ነው?